ስለ ሺያትሱና ስለ ዮጋ ዝምድና፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ስለ መለየት

በሰዎች መካከል ሁለት ዓይነት ዝምድና አለ። አንደኛው በሥጋና በደም የተገኘ ነው፤ ይህ ዝምድና ሀብት ቢጠፋም መከራ ቢመጣም አይፈርስም። ሁለተኛው ግን ድግስ ባለበት ቤት ደጃፍ ላይ የሚፈጠር ዝምድና ነው፤ ጠላው ሲያልቅ እሱም አብሮ ያልቃል። በሰዎች መካከል እንዲህ እንደሆነ ሁሉ በጥበባትና በሙያዎች መካከልም እንዲሁ ነው። ከመሠረታቸው ዘመድ የሆኑ ጥበባት አሉ፤ ገበያ ያዛመዳቸውም አሉ። አስተዋይ ሰው አንዱን ካንዱ ይለያል፤ ነገር ግን በዘመናችን ከሚለዩት ይልቅ የሚያደባልቁት ስለ በዙ ስለ ሁለት የሩቅ አገር ጥበባት ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከነዚህ ጥበባት አንደኛው በጃፓን የተወለደው ሺያትሱ ነው፤ ሁለተኛው በሕንድ የተወለደው ዮጋ ነው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ማስታወቂያ ሲሸጡ እናያለን። ሻጮቹም የሚሉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ ሁለቱም ብዙ ሺህ ዓመት የሞላቸው፣ ሳይለወጡ የኖሩ ጥንታውያን ጥበባት ናቸው ይላሉ። ሁለተኛ፤ ሁለቱም በሰውነት ውስጥ በሚያልፍ አንድ ዓይነት የማይታይ የኃይል ቦይ ላይ ይሠራሉ ይላሉ። ሦስተኛ፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ሐኪም አያስፈልገውም ይላሉ። እኔ ግን ሦስቱም ሐሰት መሆናቸውን አሳያለሁ፤ ቀጥዬም በሁለቱ መካከል በእርግጥ ዝምድና እንዳለና እሱም ሻጮቹ ሊጠሩት በማይወዱት ስፍራ እንደሚገኝ እገልጣለሁ። ዓመቶቹን የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር።

ሺያትሱ ማለት በጃፓን ቋንቋ በጣት መጫን ማለት ነው። ታካሚው ልብሱን እንደ ለበሰ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ይጋደማል፤ ባለሙያው አጠገቡ ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ፣ በመዳፉ፣ አንዳንድ ጊዜም በክርኑ ወይም በጉልበቱ የገላውን ክብደት ቀስ አድርጎ ያሳርፍበታል። ቅባት የለም። ሥራው መጫን፣ ጥቂት መቆየት፣ መልቀቅ፤ አልፎ አልፎም እጅንና እግርን መሳብ ነው። እናቱ የሆነችው ጥበብ አንማ ትባላለች፤ ከቻይና ወደ ጃፓን የገባች፣ እኛ የወጌሻ እጅ ከምንለው ብዙም የማትርቅ የማሸት ሙያ ናት። በጃፓን ይህን ሙያ ለብዙ ዘመናት ይዘው የኖሩት ይልቁንም ዓይነ ስውራን ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዘመን ሱጊያማ ዋይቺ የተባለው ዓይነ ስውር ሊቅ (1610–1694) እንደ እርሱ ላሉት ሰዎች የመርፌ ሕክምናና የአንማ ትምህርት እንዲሰጥ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የጃፓን ዓይነ ስውር ከልመና ይልቅ በጣቱ ጥበብ ሊያድር ቻለ።

ሺያትሱ የሚለው ስም ከአንማ ተለይቶ የወጣው ግን በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ስሙን ያገነነው ቶኩጂሮ ናሚኮሺ (1905–2000) ነው። ይህ ሰው ልጅ ሳለ የእናቱን የቁርጥማት ሕመም በጣቶቹ እየጫነ ያስታግሥ እንደ ነበር ይናገር ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. በቶክዮ ከተማ የሺያትሱ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የጃፓን መንግሥት በ1947 ዓ.ም. ስለ እነዚህ የእጅ ሙያዎች ሕግ አወጣ፤ ሕጉ በኋላ ሲሻሻል ሺያትሱም በስሙ ገባበት። ዛሬ በዚያ አገር ይህን ሙያ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው በታወቀ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ይማራል፤ ከዚያም የመንግሥት ፈተና ይፈተናል። ከዚህም በላይ ዓይናማ ሰዎች በብዛት ገብተው የዓይነ ስውራንን እንጀራ እንዳይነጥቁ፣ ለዓይናሞች የሚከፈቱትን ትምህርት ቤቶች መንግሥት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ይገድባል። አንድ ትምህርት ቤት ይህን ገደብ ተቃውሞ ቢከስ የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ዓ.ም. ገደቡ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይቃረንም ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ጃፓኖች ሺያትሱን የሚያዩት እንደ ተራ ሸቀጥ ሳይሆን ሕግ እንደሚጠብቀውና የደካማው ድርሻ እንዳለበት ሙያ መሆኑን ልብ በሉ።

ዮጋ የሚለው ቃል ደግሞ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን መጥመድ ማለት ነው፤ ገበሬ በሬውን በቀንበር እንደሚጠምድ ያለ ነው። የሚጠመደውም እንደ ልቡ የሚቅበዘበዘው አሳብ ነው። ፓታንጃሊ የተባለው ሊቅ ይህን ትምህርት ከ1,500 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ባለው መጽሐፉ በ195 አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ጠቅልሎ አቀረበው። በእርሱ ትምህርት ዮጋ ስምንት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሰው ከሰው ጋር ስለሚኖርበት ሥነ ምግባር ሲሆን አምስት ነገሮችን ያዛል፤ እነርሱም ፍጡርን አለመጉዳት፣ እውነትን መናገር፣ አለመስረቅ፣ ፍትወትን መግዛትና ለገንዘብ አለመስገብገብ ናቸው። ሁለተኛው ሰው ራሱን ስለሚያርምበት ሥርዓት ነው፤ በዚህ ውስጥ ንጽሕናና ያለኝ ይበቃኛል ማለት ይገኛሉ። የሰውነት አቀማመጥ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ በሦስተኛ ደረጃ ነው። አራተኛው የትንፋሽ ሥርዓት፣ አምስተኛው ስሜትን ወደ ውስጥ መሰብሰብ፣ ስድስተኛው አሳብን በአንድ ነገር ላይ መትከል፣ ሰባተኛው በዚያው ሳይናወጡ መቆየት፣ ስምንተኛው ፍጹም ጸጥታ ነው። ከ195ቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ስለ አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የሚፈልጉትም ሰው ጸንቶና ተመችቶት እንዲቀመጥ እንጂ እግሩን አንገቱ ላይ እንዲጠመጥም አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሐሰት እንመለስ። ሺያትሱ በዛሬ ስሙና በዛሬ ሥርዓቱ ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም የማይበልጥ ዕድሜ ያለው ሙያ ነው። ዛሬ በከተማ አዳራሽ ውስጥ ዮጋ ተብሎ የሚሠራው የአቀማመጥ ልምምድም አብዛኛው ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ የለውም። በ15ኛው መቶ ዘመን ስቫትማራማ የጻፈው ስመ ጥሩ የሐታ ዮጋ መጽሐፍ የሚገልጠው 15 አቀማመጦችን ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ክሪሽናማቻርያ (1888–1989) የተባለው መምህር በደቡብ ሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ሲያስተምር አቀማመጦቹን አበዛቸው፤ በቅደም ተከተልም አሰካካቸው። ደቀ መዝሙሩ አየንጋር (1918–2014) በ1966 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ 200 ያህል አቀማመጦች ተገልጠዋል። በ2010 ዓ.ም. ማርክ ሲንግልተን የተባለ ተመራማሪ በጻፈው መጽሐፍ እንዳስረዳው ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የገባው ጂምናስቲክ በዚህ አዲስ ዮጋ ላይ የራሱን አሻራ ትቷል።

ይህን የምለው ጥበባቱን ለማዋረድ አይደለም። አዲስ መሆን ነውር አይደለምና። ፔኒሲሊን በ1928 ዓ.ም. የተገኘ መድኃኒት ነው፤ አዲስ ነው ብሎ የናቀው ሰው አልሰማሁም። ነውሩ የትናንቱን የጥንት ነው ብሎ መሸጥ ነው። ባለሱቅ አዲስ ሸማ አጥኖና አጨማዶ የአያቴ ቅርስ ነው ብሎ በእጥፍ ዋጋ ቢሸጥልን አታላይ እንለዋለን፤ ታዲያ ጥበብን እንዲህ አድርጎ የሚሸጠውን ለምን መምህር እንለዋለን?

ሁለተኛው ሐሰት የቦዮቹ ነገር ነው። የቻይና ጥንታዊ ሕክምና በሰውነት ውስጥ ኪ የተባለ ኃይል የሚመላለስባቸው 12 ዋና ዋና መንገዶች አሉ ይላል፤ ጃፓኖች ኬይራኩ ይሏቸዋል። እነዚህ መንገዶች እንደ ሳንባ፣ ጨጓራ፣ ኩላሊትና ጉበት በመሳሰሉት የውስጥ ብልቶች ስም ይጠራሉ፤ በእጅና በእግርም በኩል አልፈው እስከ ጣቶች ይደርሳሉ። የሕንድ መጻሕፍት ደግሞ ፕራና የተባለ የሕይወት እስትንፋስ የሚያልፍባቸው ናዲ የተባሉ መስመሮች አሉ ይላሉ፤ ቁጥራቸውም 72,000 ነው። ከነዚህ ዋናዎቹ ሦስት ሲሆኑ አንዱ በአከርካሪ መካከል ይወጣል፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ ሆነው እስከ አፍንጫ ይደርሳሉ። እንግዲህ አንዱ 12፣ ሌላው 72,000 ይላል፤ አንዱ ወደ ጣት፣ ሌላው ወደ አፍንጫ ይሄዳል። ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ያየ ሰው አንድ ናቸው የሚለው እንዴት ነው? የጎጃምን ካርታና የሐረርጌን ካርታ ደርቦ ሁለቱም መንገድ ስላላቸው አንድ አገር ናቸው ቢለን እንስቅበት የለምን?

ይልቁንም የሚያስደንቀው የሺያትሱ ሊቃውንት ራሳቸው በዚህ ነገር አለመስማማታቸው ነው። ናሚኮሺ ሙያውን የመሠረተው በጡንቻ፣ በአጥንትና በነርቭ ትምህርት ላይ ነበር እንጂ በኬይራኩ ላይ አልነበረም። በእርሱ ትምህርት ቤት ያስተማረው ሺዙቶ ማሱናጋ (1925–1981) ግን የሥነ ልቡና ትምህርት የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ ኬይራኩን መልሶ አስገባ፤ አልፎም ከጥንቱ የቻይና ካርታ የሰፋ የራሱን ካርታ ሠራ። የዚህ ሙያ ሁለት ታላላቅ መምህራን ስለ ቦዮቹ መኖርና ስለ ስፍራቸው ካልተስማሙ፣ የእነርሱን ቦይ ከሕንድ ናዲ ጋር አንድ ያደረገው ሻጭ ዕውቀቱን ከየት አመጣው? እውነት ነው፤ ሂሮሺ ሞቶያማ (1925–2015) የተባለ ጃፓናዊ ሁለቱን ለማገናኘት በመሣሪያ ጭምር ለብዙ ዓመታት ደክሟል፤ የእርሱም አሳብ ይን ዮጋ ወደሚባለው የአሜሪካ ልምምድ ገብቷል። ሰውየውን ስለ ድካሙ አከብረዋለሁ። ነገር ግን መድከም ሌላ፣ ማረጋገጥ ሌላ ነው። የሰውን ገላ በቢላዋና በማጉያ መነጽር የመረመሩ ሐኪሞች የደም ሥርን አግኝተዋል፤ ነርቭንም አግኝተዋል፤ ናዲንና ኬይራኩን ግን አላገኙም። ካርታዎቹ እጅ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚያስታውሱ የድሮ ሰዎች ምልክቶች ሆነው ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ቦይህ ተደፍኗልና ልክፈትልህ ብሎ ከታመመ ሰው ገንዘብ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ሐሰት ከሁለቱ ይልቅ የከፋ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ኪስን ይጎዳሉ፤ ይህኛው ግን ነፍስን ያጠፋል። እውነቱን እንናገር ካልን ዮጋ የሚረዳው ሕመም አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ወደ ኪኒን ከመሄዱ በፊት ሊሞክራቸው ከሚችሉት ነገሮች መካከል ዮጋን ቆጥሮታል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የምርመራ ጽሑፍ ደግሞ ጥቅሙ አነስተኛ ወይም መካከለኛ መሆኑን፣ በአንዳንዱም ሰው ላይ የወገቡን ሕመም ሊያብስ እንደሚችል ገልጧል። ስለ ሺያትሱ በ2011 ዓ.ም. የታተመው ሰፊ ግምገማ ግን ስለዚህ ሙያ የተደረጉት ምርመራዎች ጥቂትና ደካማ በመሆናቸው ፍርድ ለመስጠት እንደማይበቁ አመለከተ። እንግዲህ አንደኛው በልክ የተመሰከረለት፣ ሁለተኛው ገና ምስክር የሚጠብቅ ነው። በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ሁለቱ ሲደመሩ የስኳር በሽታን ወይም ነቀርሳን ያድናሉ የሚል ማስረጃ አላየሁም።

ጉዳትም አለ። አንገትን አጥብቆ በመጫን ምክንያት የደም ሥር ተጎድቶ በአንጎልና በዓይን ላይ አደጋ የደረሰበት ሰው ታሪክ በ2001 ዓ.ም. በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። ባቱ ያበጠና በውስጡ የረጋ ደም ያለበት ሰው እግሩን ቢጫኑት የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። አጥንቱ የሳሳ ሽማግሌ የጎልማሳውን ክብደት አይችልም። በዓይኑ ውስጥ ግፊት የበዛበት ሰውም በራሱ ቢቆም ግፊቱ ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ሦስት ዓመት ቢያንስ እንጂ አይበዛም። አንድ ስሙን የማልጠራው ቤት ያሳተመውን ወረቀት ግን አንብቤአለሁ፤ ቅዳሜና እሑድን ብቻ የተማረውን ሁሉ የሁለቱም ጥበባት መምህር አደርገዋለሁ ይላል። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነበር። ያ የሁለት ቀን መምህር ነገ ደም ግፊት ያለባትን እናት መድኃኒትዎን ይተዉት፣ እኔ ቦይዎን እከፍተዋለሁ ይላታል። እርሷም ታምነዋለች፤ ምክንያቱም እጁ ለስላሳ፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ ንግግሩም የሚያጽናና ነው። ከሳምንታት በኋላ አንድ ወገኗ ሽባ ቢሆን የሚጠየቀው ማን ነው?

እንግዲህ ሐሰቱን ካነሣን በኋላ የሚቀረውን እውነተኛ ዝምድና እንመልከት።

ማሱናጋ ስለ ሙያው የጻፈው መጽሐፍ በ1977 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ሲታተም ዜን ሺያትሱ ተባለ። ዜን የሚለው ቃል ከየት መጣ? ጃፓኖች ከቻይናው ቻን ወሰዱት፤ ቻይናዎችም ከሳንስክሪቱ ድያና ወሰዱት። ድያና ደግሞ ቀደም ብዬ ከቆጠርኳቸው የፓታንጃሊ ስምንት ክፍሎች ሰባተኛው ነው፤ ይኸውም አሳብን በአንድ ነገር ላይ ሳያናውጡ ማቆየት ነው። የቡድሃ መነኮሳት ይህን ቃል ከሕንድ እስከ ቻይና፣ ከቻይናም እስከ ጃፓን ተሸክመውት ሄዱ። ስለዚህ የሁለቱ ጥበባት የሥጋ ዝምድና ማንም ሰው ሊመረምረው በሚችል ቃልና ታሪክ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚያዛምዳቸውም የማይታይ ቦይ ሳይሆን የሰው ትኩረት ነው።

ይህ በቃል ብቻ አይደለም፤ በሥራም ይታያል። መልካም የሺያትሱ ባለሙያ በክንዱ ጉልበት አይገፋም፤ ክብደቱን ያሳርፋል እንጂ። የታካሚውን ትንፋሽ ያዳምጣል፤ ሲያስተነፍስ ይጫናል፤ ሲስብ ይለቃል። አሳቡ ወደ ገበያ ወይም ወደ ምሳ ከሄደ እጁ ወዲያው ያውቅበታል፤ ታካሚውም ይሰማዋል። መልካም የዮጋ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ አቀማመጡን በግድ አይሰብረውም፤ በትንፋሹ እየለካ ይጠብቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ለሁለቱም ይሠራል። እንደዚሁም ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ዳሌውና ጀርባው ካልተፍታቱ፣ ትንፋሹም ካልተስተካከለ በጥቂት ዓመት ውስጥ ራሱ በሽተኛ ይሆናል። ስለዚህ ማሱናጋ የሰውነት መሳቢያ ልምምዶችን አስተማረ፤ ከነዚህም አንዱ ተቀምጦና እግርን ዘርግቶ ወደ ፊት ማጎንበስ ሲሆን የዮጋ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ናካሙራ ቴምፑ (1876–1968) በ1919 ዓ.ም. በቶክዮ ማስተማር የጀመረው ሥርዓት ከዮጋ የተቀዳ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ማሳሂሮ ኦኪ (1921–1985) ዮጋን ከጃፓን ልማድ ጋር አስማምቶ በሰፊው አስተምሯል። እነዚህ ሰዎች ሁለቱን ያገናኙት በላብ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ዝምድና አለ፤ እሱም የመተራረም ዝምድና ነው። ዮጋን ሰው ለብቻው ይሠራዋል፤ ስለዚህ በትዕቢት ይፈተናል። ገላው እንደ ልቡ ሲታዘዝለት ራሱን ከሰው ሁሉ በላይ ያደርጋል፤ በመስተዋት ፊት ያለውን ጊዜ ያበዛል። ሺያትሱ ግን ያለ ሁለተኛ ሰው አይሠራም። የሌላው ሰው ሕመም ከፊቱ ተጋድሞ ሳለ ማን በራሱ ውበት ይመካል? ይሁንና ሺያትሱም የራሱ ፈተና አለው፤ ታካሚው ሌላ ሰው ያድነኛል ብሎ እንዲሰንፍ፣ ባለሙያውም አዳኝ እኔ ነኝ ብሎ እንዲታበይ ያደርጋል። ዮጋ ደግሞ ለዚህ መልስ አለው፤ ተነሣ፣ የራስህን ገላ ራስህ ጥመድ ይለዋል። አንደኛው የሌላኛውን ጉድለት ስለሚሞላ ሁለቱን አብሮ መማር መልካም ነው እላለሁ። ለዚህ መልካምነት ምንም ዓይነት ተረት አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ የሚመጣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ሰው ከተጠቀመ አንተን ምን ቸገረህ? ወገቡ ከዳነለት ስለ ቦይ ቢነገረው ምን ይጎዳዋል? ይሉኛል። መልሴ ይህ ነው። የወገቡ መዳን ከተጫነው እጅ፣ ከዕረፍቱና ከትንፋሹ የመጣ እንጂ ከተረቱ የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ ተረቱን ብናነሣው የሚቀርበት ነገር የለም። ተረቱን ብናቆየው ግን ወገቡን ያዳነለትን ሰው ልቡንና ኩላሊቱንም ያድንልኛል ብሎ ያምናል፤ ያን ጊዜ ሐሰቱ ዋጋውን ያስከፍለዋል። ደግሞም በዮጋ ሕግ አለመጉዳት አንደኛ፣ እውነት መናገርም ሁለተኛ ትእዛዝ መሆኑን አይተናል። ታዲያ ዋሽቶ ዮጋን የሚሸጥ ሰው ምንጣፉን ሳይዘረጋ፣ ገና ከደጃፉ ላይ፣ ከዮጋ ወጥቷል። እግሩን የቱንም ያህል ቢያጥፍ ዮጋን እየሠራ አይደለም። አለመስረቅም እንዲሁ ሦስተኛ ትእዛዝ ነው፤ ሆኖም በአሜሪካ ብክራም ቹዱሪ የተባለው መምህር 26 አቀማመጦችንና ሁለት የትንፋሽ ልምምዶችን በተራ አሰልፎ ተራው የእኔ ንብረት ነው ሲል ተሟገተ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 ዓ.ም. ይህን ሙግት አልተቀበለውም። የአባቶችን ውርስ በስሙ ለማስመዝገብ የሚሮጥ ሰው አለመስገብገብን ለማን ሊያስተምር ነው?

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ቆመው ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ጥንቆላ ነውና ጨርሶ ይጣል ይሉኛል። ለእነርሱም እንዲህ እላለሁ፤ ሐሰቱን ከጣልን በኋላ የሚቀረው የሰው እጅ በታመመ ጀርባ ላይ ማረፉ፣ ትንፋሽም ረግቶ መግባትና መውጣቱ ነው። ይህን ጥንቆላ የሚል ሰው ልጇን የምታሽ እናትንም ጠንቋይ ይበላት። እምነትን የሚነካ ቃል ወይም ዜማ ያለበት ልምምድ ያጋጠመው ሰው ኅሊናው እንደሚመራው ይለይ፤ መለየት ግን ከመስደብ ይሻላል።

ስለ ዮጋ አገራችንን የሚነካ አንድ ታሪክም አለ። ዩኔስኮ ዮጋን የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው በ2016 ዓ.ም. ሲሆን ጉባኤው የተቀመጠው በአዲስ አበባ ነበር፤ የኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓትም በዚያው ጉባኤ ላይ ተመዝግቧል። መዝገቡ ዮጋ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ መሆኑን ያወሳል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ በየኔታ እግር ሥር ስንት ክረምትና ስንት በጋ እንደሚቀመጥ እናውቃለን፤ በሁለት ቀን ቅኔ አስተምሬ መሪጌታ አደርግሃለሁ የሚል ሰው ቢመጣ እንዴት አድርገን እንደምንሸኘውም እናውቃለን። የራሳችንን ጥበብ የምንጠብቅበትን ዓይን ለሕንድና ለጃፓን ጥበብ ብንነፍገው ፍርዳችን አድሎ ይሆናል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በየትኛውም አገር ብትሆን ወደነዚህ ቤቶች ብትገባ አስቀድመህ ሦስት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፤ የት፣ ከማን ዘንድ፣ ስንት ዓመት ተማሩ? በል። ሁለተኛ፤ የማይነኩት ሕመም የትኛው ነው? ወደ ሐኪም የሚልኩትስ ማንን ነው? በል። ሁሉንም እነካለሁ፣ ማንንም አልልክም ቢልህ ብዙ እንዳልተማረ በዚህ እወቀው። ሦስተኛ፤ ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት ላቁመው ወይ? በል። አቁም ካለህ ጫማህን አድርግና ውጣ፤ የከፈልከውንም ገንዘብ አትከራከርበት፤ ሕይወትህን በርካሽ አትርፈሃልና።

እናንተም ሁለቱን ጥበባት በቅንነት የያዛችሁ ባለሙያዎች፣ ይህ ጽሑፍ እናንተን አይወቅስም። ይልቁንም የምለምናችሁ ነገር አለ። ዝም አትበሉ። አጠገባችሁ ያለው ሰው በሁለት ቀን መምህር ሆኖ ሲወጣ፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ ብላችሁ ዝም ስትሉ፣ የሚጠፋው የእናንተም ስም ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እስኪነጋ ድረስ ግን በጨለማው የሚሰናከል ሰው አለና መብራቱን የያዛችሁት እናንተ ቀድማችሁ ውጡ። ወገብ አሳርፋለሁ፣ ልብ አረጋጋለሁ፣ የቀረውን ሐኪም ይየው ብላችሁ በደጃፋችሁ ላይ ጻፉ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሥር የሚያልፍ ታካሚ ቁጥሩ ቢያንስም፣ የሚገባው ግን አምኖ ይገባል።